ከውኃው በኩል የተለካች ጀልባ

ጀልባ ይገዛ ሲባል ልብስ ሰፊዋን ማንም አልጠየቃትም። መጠየቁ ቀርቶ፣ የጀልባዎቹን ሥዕል የዘረጉት እሷው ልብስ የምትቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ያውም የደንበኛ ቀሚስ አንስተው። ባሏ በአንድ በኩል፣ ታናሽ ወንድሟ በሌላ በኩል ቆመው ስለ ፈረስ ጉልበት ያወራሉ። እሷ መቀሷን እንደያዘች መሐል ቆማ ቀሚሱን የት እንደወረወሩባት ትፈልጋለች።

ባሏ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ ቃል ከአፉ ማውጣት ግን ድንጋይ ጨምቆ ውኃ ማውጣት ነው። ወንድሟ ጸጉር አስተካካይ ነው፤ የእሱ መቀስ ቢያርፍ እንኳ አፉ አያርፍም። እነዚህን ሁለት የማይመሳሰሉ ሰዎች ያዋደዳቸው ባሕሩ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት የአየር ሲሊንደር ጀርባቸው ላይ አዝለው፣ መነጽር አጥልቀው፣ እግራቸው ላይ እንደ ዳክዬ እግር ያለ መቅዘፊያ አስረው መጥለቅ ተማሩ። ከዚያ ወዲህ የእረፍት ቀን በደረሰ ቁጥር አንድ ቦታ መቀመጥ ያቅታቸዋል። ዓሣ አያጠምዱም፣ ዕንቁ አይለቅሙም። ወርደው፣ አይተው፣ ተመልሰው ይመጣሉ። መዝናናት ነው ይላሉ። ይሁንላቸው፤ ሰው በምን እንደሚዝናና ማን ያውቃል።

ነገሩ ወዲህ ነው። እስካሁን የሚሄዱት በኪራይ ጀልባ ነበር። እነሱ ሲወርዱ ባለ ጀልባው ከላይ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ባለፈው ወር ታዲያ ከሥር የሚሄደው ውኃ ገፍቶ ገፍቶ ከጀልባው ርቀው ወጡ። እጃቸውን አውለበለቡ፣ ፊሽካ ነፉ። ሰውየው ጀርባውን ሰጥቷቸው ስልኩን ይጎረጉራል። ቆይቶ ቆይቶ ዞር ዞር ብሎ አየና፣ «በሌላ ጀልባ ሄደዋል ማለት ነው» ብሎ ሞተሩን አስነሥቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ሁለት ሰዓት ሙሉ እንደ ቡሽ ሲንሳፈፉ ቆይተው ዓሣ አጥማጆች ናቸው ያነሷቸው።

ባሏ የዚያን ዕለት ቤት ሲገባ «ትንሽ ቆየን» ብቻ ነበር ያለው። ወንድሟ ግን ወሬውን ሱቁ ውስጥ ለተቀመጠ ጭንቅላት ሁሉ፣ እጅና እግር ጨምሮበት፣ እያሳቀ ተረከው። ልብስ ሰፊዋ የሰማችው ከሦስት ቀን በኋላ ከደንበኛ ነው። የአንዲት ሴትዮ ቀሚስ ጠርዝ ላይ ተንበርክካ ስፒል ስትሰካ፣ ሴትዮዋ ከላይ ሆና «ባልሽና ወንድምሽ እንኳን ተረፉልሽ፣ ባሌ ጸጉሩን ሲቆረጥ ሰምቶ ነገረኝ» አለቻት። ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። ስፒሉ ጣቷ ውስጥ ገባ፤ ደሙ ቀሚሱን እንዳይነካ እጇን ማራቋን ብቻ ነው የምታስታውሰው።

ያን ቀን ማታ ሁለቱንም ፊት ለፊቷ አስቀምጣ ተናገረች። «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል አልሰማችሁም? ከእንግዲህ ላዩ ላይ እኔ ሳልሆን ማናችሁም አትወርዱም። እኔ እጠብቃለሁ።» ይህን የምትለው ሴት ዋና አታውቅም። ውኃ ጉልበቷን ሲነካት ልቧ ድው ድው ይላል። ቢሆንም ያላት አንድ ባልና አንድ ወንድም ነው፤ ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ውኃ ሊሄዱባት ነበር። ፍርሃቷን ዋጥ አድርጋ ነው የተናገረችው። እነሱ ግን ከንግግሯ ውስጥ «ጀልባ ግዙ» የሚል ብቻ ሰምተው ተነሡ። ሰው መቼም የሚሰማው የሚፈልገውን ነው።

«እትዬ፣ ይቺን ሰማያዊ እያት» አለ ጸጉር አስተካካዩ፣ ጠረጴዛዋ ላይ የዘረጉትን ሥዕል በጣቱ እየመታ። «ስድሳ የፈረስ ጉልበት ናት።»

«ስድሳ ፈረስ ምን ያደርግላችኋል? የምትሄዱት ወደ ታች አይደለም እንዴ?»

«ቦታው ድረስ ቶሎ ለመድረስ ነዋ።»

«እሺ፣ እናንተ ታች ሆናችሁ ፈረሶቹን ማን ይይዛል?»

«አንቺ ነሻ። ራስሽ አይደለሽ እንዴ እኔ ካልኖርኩ አትወርዱም ያልሽው?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ታዲያ ለእኔ እጅ ትመች አትመች የሚጠይቀኝ ሰው ለምን ጠፋ?»

ሁለቱ ወንዶች ተያዩ። እውነትም አላሰቡትም ነበር። ስለ ሲሊንደር ማስቀመጫው አስበዋል፣ ስለ ቤንዚኑ፣ ስለ ቀለሙ ሳይቀር አስበዋል። የእነሱ ነፍስ የሚንጠለጠልባትን ሴትዮ ግን ጀልባው ውስጥ እንደሚቀመጥ ዕቃ ቆጥረዋት ነበር።

በማግስቱ ሦስቱም ጀልባ ሻጩ ግቢ ሄዱ። ሻጩ የቀድሞ መካኒክ ነው፤ ሆዱ ከፊት ከፊት የሚሄድ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ የሚቆም ሰው። ጀልባዎቹ በተጎታች ጋሪ ላይ ተደርድረዋል። ሰማያዊዋ መሐል ላይ ናት፤ አፍንጫዋ ቀና ያለ፣ እንደ መኪና መሪ ያላት፣ ወንበሯ ነጭ ቆዳ የለበሰ። ቧንቧ ሠራተኛው ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ ግቢ በር ሲያልፍ ቆም ብሎ ሳያያት አልፎ አያውቅም። «እሷን ሲያይ ዓይኑ የሚለሰልሰውን ያህል ለእኔ ለስልሶ አያውቅም» ትላለች ሚስቱ። ቀልዷን ነው፤ ግን ሙሉ በሙሉ ቀልድም አይደለም።

ወንዶቹ ጀልባዋን ከበቧት። ገላዋን አንኳኩ፣ የሞተሩን ክዳን ከፈቱ። ጸጉር አስተካካዩ መሪውን ጨብጦ ፎቶ ተነሣ። ባሏ ተንበርክኮ የነዳጅ ቱቦውን መጋጠሚያ በአውራ ጣቱ ዳሰሰና ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ይህ ሁሉ የሆነው በደረቅ መሬት፣ በጋሪ ላይ ነው።

ልብስ ሰፊዋ ይህን ስታይ ሥራዋ ትዝ አላት። ደንበኛውን አቁሞ ብቻ ሱሪ የሚለካ ሰፊ አለ። ደንበኛው መስታወት ፊት ቆሞ ያማረበት ይመስለዋል፤ ቤቱ ሄዶ ሲቀመጥ ይተረተራል። እሷ ደንበኛዋን ቁጭ ታስብላለች፣ ታስጎነብሳለች፣ እጁን ወደ ላይ ታስዘረጋዋለች። አንዳንዱ ይስቅባታል፣ አንዳንዱ ይቆጣል፤ በኋላ ግን እሷው ጋ ነው የሚመለሱት።

«በደረቁ አይበቃም» አለች። «ውኃ ላይ አውጡልኝ። እናንተ ሁለታችሁም ሙሉ ዕቃችሁን ታጥቃችሁ ባሕር ትገባላችሁ። እኔ እየነዳሁ መጥቼ አነሣችኋለሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ቀለሙ እናወራለን።»

ሻጩ ሳቀ። «እትዬ፣ ሃያ ዓመት ስሸጥ እንዲህ ያለ ግዢ አላየሁም። ሰው ጀልባ የሚመርጠው ላዩ ላይ ቆሞ ነው።»

«እነዚህ ግን የሚመጡት ከታች ነው» አለችው።

ሻጩ የቀረበለት ነገር ካልገባው እሺ የሚል ዓይነት ሰው ነው፤ ለቅዳሜ ጠዋት ተቀጣጠሩ።

ቅዳሜ ባሕሩ ረጋ ያለ ነበር። ልብስ ሰፊዋን ብርቱካናማ የመንሳፈፊያ ጃኬት አለበሷት፤ ጃኬቱ አገጯን ወደ ላይ ገፍቶ ኩሩ ሰው አስመሰላት። ሻጩ አንድ ሰዓት ያህል ማርሹን አሳያት። ወደ ፊት፣ ዜሮ፣ ወደ ኋላ። «አንተ አብረኸኝ ትቀመጣለህ እንጂ እጅህን አታስገባም» አለችው። «በኋላ አንተ አትኖርም።» እጁን አጣምሮ ከፊቷ ተቀመጠ።

መጀመሪያ በሰማያዊዋ ወጡ። ሞተሩ በቁልፍ ይነሣል፣ እንደ መኪና፤ እስከዚህ ድረስ ጥሩ። ወንዶቹ ሲሊንደራቸውን አዝለው ዘለሉ። እሷ ራቅ ብላ ዞረችና ወደ እነሱ ተመለሰች። ነዳጁን ትንሽ ጨመር ስታደርግ የጀልባዋ አፍንጫ ተነሣ። ተነሣና ባሏንም፣ ወንድሟንም፣ ባሕሩንም ሸፈነባት።

«የት ናቸው?»

«ከፊት ናቸው» አለ ሻጩ።

«ፊቱን መች አየሁት?»

ሰው ላይ ከምወጣ ብላ ከሩቁ አቆመች። ጀልባዋ ቁመቷ ረጅም ስለሆነ ነፋሱ እንደ በር እየገፋ የበለጠ አራቃት። ወንዶቹ እስከዚያ ድረስ ዋኙ። ሲደርሱ ደግሞ ጠርዙ አልደረስ አላቸው። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ከኪሷ አወጣችና ጎንበስ ብላ ለካች፤ ከውኃው እስከ ጠርዙ ሰማንያ አምስት ሴንቲ። ወንድሟ በሁለት እጁ ተንጠልጥሎ እንደ ተሰጣ ልብስ ተወዛወዘ። መሰላሉ ከኋላ ነው፤ የተሰቀለውም ከፕሮፔለሩ አጠገብ። በመጨረሻ ሲሊንደሩን እያወለቁ፣ እየተሳሳቡ ወጡ። የወንድሟ ጉልበት ተላጠ፣ ባሏ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ አለ።

«ይለመዳል» አለ ባሏ፣ ነጩ ወንበር ላይ ውኃው እየተንጠባጠበ።

«ማን ነው የሚለምደው? ደክሞህ፣ ወይም እግርህን ቁርጥማት ይዞህ የመጣህ ቀንም ይለመዳል?»

ነጩን ወንበር በመዳፉ ጠረገ። ልቡ ገና ከሰማያዊዋ አልቆረጠም ነበር።

ቀጥሎ ግራጫዋን አወጡ። እሷ መልክ የላትም፤ ወለሏ ጠንካራ፣ ጎንና ጎኗ በአየር የተነፋ ወፍራም ላስቲክ ነው። ሞተሯ ሃያ አምስት ፈረስ፤ መሪ የላትም፣ ከኋላ ተቀምጠው የሞተሩን እጀታ ይዘው ነው የሚነዷት። እጀታውን እንደ ሞተር ሳይክል ሲጠመዝዙት ፍጥነት ይጨምራል። ገመድ መጎተት የለም፤ ቁልፉን ሲጫኑ ሞተሪኖው ያስነሣዋል። ልብስ ሰፊዋ ለካች፤ ከውኃው እስከ ጠርዙ አርባ ሴንቲ። ተቀመጠች። ፊቷ ሁሉ ክፍት ነው፤ የሁለቱም ጭንቅላት ጥርት ብሎ ይታያታል። በጣም ደስ አላት። ያሳሳታትም ያው ደስታዋ ነው።

እጀታውን ጠምዝዛ ወደ ባሏ ሄደች። እየቀረበችው መጣች። እጁን ዘረጋላት። እሷም ልትይዘው ሁለቱንም እጇን ዘረጋች፤ እጀታውን ለቀቀችው ማለት ነው። እንግዲህ ይቺ ሴት ሠላሳ ዓመት የስፌት መኪና ላይ የኖረች ናት። የስፌት መኪና ፔዳሉን ሲለቁት መርፌው ወዲያው ይቆማል። ገላዋ ያንን ነበር የሚያውቀው፤ ከለቀቁት ይቆማል። የጀልባ ሞተር ግን ቢለቁትም በተዉት ፍጥነት ይሄዳል። እጀታው ብቻውን ተወርውሮ ዞረ፣ ጀልባዋ ተጠማዘዘችና በቀጥታ ሰውየው ላይ ሄደች።

«አጥፊው» አለ ባሏ። በሕይወቷ ሲጮህ የሰማችው ያኔ ብቻ ነው። እሷ እጅ እግሯ ተሳሰረ፤ እጀታውን ስትይዘው በድንጋጤ ይብስ ጠመዘዘችው። የባሏ ራስ ከጀልባዋ ሥር ገባ።

ሻጩ ዘሎ ከሞተሩ ላይ የተንጠለጠለውን አንድ ቀይ ገመድ መነጨቀው፤ ሞተሩ ወዲያው ሞተ። ከዚያ በኋላ ምንም ድምፅ አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ በውኃው ላይ አፈጠጠች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። በሌላው ጎን ባሏ ብቅ አለና አፉ ውስጥ የገባውን ውኃ ተፋ። ቀኝ እግሩን ከውኃው አነሣ። የመቅዘፊያው ጫፍ አንድ ጣት ያህል በስለት እንደተቆረጠ ተቆርጦ ሄዷል። እግሩ ደህና ነበር።

ወደ ባሕሩ ዳር ሲወጡ ልብስ ሰፊዋ የተደፋ ሳጥን ላይ ተቀመጠች። እጇን ጭኖቿ መሐል ሸጎጠች።

«እኔ አልችልም» አለች። «ሌላ ሰው ፈልጉ፤ ካልሆነም ይቅርባችሁ። ገድዬህ ነበር እኮ። በገዛ እጄ።»

ጸጉር አስተካካዩ ቀልድ ሊጀምር አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ሻጩ ሩቅ ሄዶ ገመድ የሚጠቀልል መሰለ። ቧንቧ ሠራተኛው የተቆረጠውን መቅዘፊያ እንደ ተሰነጠቀ ቧንቧ አገላብጦ ሲያየው ቆየ። ከዚያ አጠገቧ አሸዋው ላይ ተቀመጠ።

«ያኛው አልመጣም» አለ።

«የቱ?»

«ባለ ኪራዩ። ሁለት ሰዓት ጠበቅነው፤ አልመጣም። አንቺ ግን መጣሽ።»

«በፕሮፔለር ነው የመጣሁብህ፣ አንተ ሰው።»

«የቀረሽ መቆም ነው። መቆም ይማሩታል። መምጣትን ግን ማንም ማንንም አያስተምረውም።»

ሲጋቡ እንኳ እንዲህ አላወራም። ያን ጊዜ «እንግዲህ» ብሎ ነው የጠየቃት፤ ቀሪውን የጨረሰችው እሷ ናት።

ልብስ ሰፊዋ ፊቷን በመዳፏ ጠረገችና ሻጩን ጠራችው። «ያ ቀይ ገመድ ምንድን ነው?»

«እጅ ላይ ይታሰራል። የሚነዳው ሰው ከወደቀ ወይ ቦታውን ከለቀቀ ሞተሩን ያጠፋዋል።»

«ታዲያ እኔ እጅ ላይ ምነው አልታሰረ?»

ሻጩ ማጅራቱን አከከ። «ማንም እኮ አያስረውም እትዬ። ዝም ብሎ ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው።»

እሷም ልክ ልኩን ነገረችው። ምን እንዳለችው መድገሙ አያስፈልግም፤ ሻጩ ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያሳየው ያንን ገመድ ሆኗል ይባላል።

ቀዩን ገመድ የእጇ አንጓ ላይ አሰረች። «ሰው አታስገቡልኝ» አለች። «መጀመሪያ ጄሪካን ጣሉልኝ።» ቢጫ ጄሪካን ወረወሩላት። የመጀመሪያውን ጊዜ ገጨችው። ሁለተኛውንም ገጨችው። «ጋሼ ሁለቴ ሞተ» አለ ወንድሟ ከባሕሩ ዳር፣ ጄሪካኑን በባሏ ቆጥሮ፤ ማንም አልሳቀለትም። በሦስተኛው አልፋው ሄደች። ከዚያ ራሷን በምታውቀው መንገድ ማስተማር ጀመረች፤ አዲስ ስፌት ሲያስቸግራት እንደምታደርገው፣ ጮክ ብላ እየቆጠረች። ሦስት ጀልባ ያህል ሲቀር ዜሮ። አንድ ጀልባ ያህል ሲቀር አጥፊ። ፕሮፔለሩ ቀጥ እስኪል ማንንም አትንኪ፣ ማንም አይንካሽ። እጅ የሚዘረጋው ከዚያ በኋላ ነው። በስምንተኛው ጊዜ ጄሪካኑ ራሱ መጥቶ የጀልባዋን ጎን ቀስ ብሎ ነካ።

«አሁን ሰው» አለች።

ወንድሟ ቀድሞ ሊገባ ተነሣ። ባሏ ትከሻውን ይዞ አስቀመጠውና ያንኑ የተቆረጠ መቅዘፊያ አድርጎ ገባ። አሥራ አንድ ጊዜ መጣችበት። አሥራ አንድ ጊዜ ከዚያ ፕሮፔለር ፊት ለፊት ውኃው ላይ ጋደም ብሎ ጠበቃት፤ አንዴም ወደ ኋላ አላፈገፈገም። የላስቲኩ ጎን ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ የሲሊንደሩን ማንገቻ ይዛ ስትስበው ሆዱ ላይ ተገልብጦ ይገባል፤ እንደ ጆንያ ነው፣ ግን ይገባል። ወንድሟም ገባ። እሱ ይበልጥ ይከብዳል፤ ምክንያቱን ለሱ መንገር ቂም ነው የሚያተርፈው።

ሞተሩ በስተመጨረሻ ነዳጅ ሊጨርስ ሲል ተንተፋተፈ። ወደ ግቢው ሲመለሱ ቧንቧ ሠራተኛው ሰማያዊዋ ጋ ሲደርስ ቆመ። ገላዋን በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጋትና አልፎ ሄዶ ግራጫዋ አጠገብ ቆመ።

«እሷን» አለው ሻጩን።

«ጋሼ፣ እርግጠኛ ነህ?» አለ ጸጉር አስተካካዩ። «ጉማሬ እኮ ነው የምትመስለው። ሰው ምን ይለናል?»

«ጉማሬ ሰጥሞ ሰምተህ ታውቃለህ?» አለች እህቱ። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

አንድ ሳምንት ማሰናዳት ፈጀ። ባሏ ሲሊንደሮቹ እንዳይንከባለሉ ከብረት ቱቦ ማስቀመጫ ሠራ፤ የግራጫዋንም መሰላል ከኋላ ነቅሎ፣ ከፕሮፔለሩ አርቆ ጎን ላይ አሰረው። እሷ ከሥር ጠላቂ መኖሩን ለሌላ ጀልባ የሚናገረውን ባንዲራ ሰፋች፤ ጠርዙን ሁለት ጊዜ ደረበችው። ወንድሟ ወሬውን ሠራ። ለእሱም ሥራ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ደረሰና ወጡ። ሁለቱ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ኋላ ተወረወሩ፤ ጀልባዋ ትንሽ ተወዛወዘችና ረጋች። ልብስ ሰፊዋ ብቻዋን ቀረች። ፈራች። እውነቱን መናገር ነው፣ አጥንቷ ድረስ ፈራች። ዙሪያዋን የማትዋኝበት ውኃ ነው፤ የምትወዳቸው ሁለት ሰዎች ደግሞ ከእሱ ሥር ናቸው። ቀዩን ገመድ አንጓዋ ላይ እንደታሰረ ደጋግማ ነካችው። ዓይኗን ከአረፋው ላይ አላነሣችም፤ ከታች ሲተነፍሱ ሁለት ቦታ ላይ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ጮኸ፤ ይጩህ አለችው። ሠላሳ ደቂቃ አለፈ፤ አርባ ሆነ። ነፋስ ተነሥቶ ውኃውን ሸካራ አደረገውና አረፋው ጠፋባት። ቆማ ዞረች። አንድም ነገር የለም።

በአርባ ሦስተኛው ደቂቃ ከወደ ፀሐይ፣ ካሰበችው ቦታ በጣም ርቆ፣ ሲወጡ የሚለቁት ቀይ ፊኛ ብቅ አለ። አሁንም ከሥር ያለው ውኃ ገፍቷቸው ነበር።

ሞተሩን አስነሣችና ሄደች። አልከነፈችም፤ የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። ሦስት ጀልባ ያህል ሲቀር ዜሮ፤ አንድ ሲቀር አጠፋች። ወደ ኋላ ጎንበስ ብላ ፕሮፔለሩ ቀጥ ማለቱን አየችና ያን ጊዜ እጇን ዘረጋች። ወንድሟን ሳበችው፣ ገባ። ባሏን ሳበችው፣ ገባ። ሁለቱም ወለሉ ላይ ተዘርረው ተነፈሱ። እሷም ከስንት ጊዜ በኋላ ተነፈሰች።

«እህ፣ ምን አያችሁ?» አለች፣ ለወጉ ያህል።

ወንድሟ መነጽሩን እያወለቀ ጉሮሮውን ጠረገ። የቀደመው ግን ባሏ ነው።

«አንድ የተሰበረ ቧንቧ አለ» አለ። «ክርን የሚባለው፣ የሚታጠፈው ክፍል። ውስጡ አንዲት ትንሽ ባለ ስምንት እጅ ኦክቶፐስ ተቀምጣለች። አፉን በጠጠርና በቀንድ አውጣ ቅርፊት ደፍናዋለች፤ አንድ በአንድ እየመረጠች። እኔ እንኳ እንደዚያ አድርጌ ደፍኜ አላውቅም። ቀረብ ስል አንዷን ጠጠር አነሣች፣ በዓይኗ አየችኝና መልሳ ዘጋች።» እጁን እየዘረጋ አሳያት። «ከዚያ አሸዋው አለ። ከታች አሸዋው መስመር መስመር ነው፣ አንቺ ጨርቅ ላይ በጠመኔ እንደምታሰምሪው። አንድ ትልቅ ዓሣ ደግሞ አፉን ከፍቶ ቆሞ ትንንሾቹ ገብተው ጥርሱን ያጸዱለታል...»

ልብስ ሰፊዋ አፏን ከፍታ ታየው ነበር። «አሥር ዓመት ስትወርድ ይሄ ሁሉ አልነበረም?»

«ሳይኖር አይቀርም።»

«ታዲያ?»

ቧንቧ ሠራተኛው ከጢሙ ላይ ውኃውን ጠረገ። «ሽቅብ ነበር የማየው። ጀልባው አለ ወይስ ሄደ እያልኩ። ሁለት ሦስት ትንፋሽ ስተነፍስ ቀና እላለሁ፣ ሁለት ሦስት ስተነፍስ ቀና እላለሁ። እንዲያ እያልኩ አየሩ ያልቅና እወጣለሁ።» የጀልባዋን ጎን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። «ዛሬ አንዴም ቀና አላልኩም።»

ልብስ ሰፊዋ ፊቷን ወደ ሞተሩ አዞረች፤ ዓይኗ ሞልቶ ነበር፣ ሞተሩ ደግሞ መታየት የሚፈልግ ነገር ነው። አስነሥታ ጀልባዋን ወደ ባሕሩ ዳር መለሰቻት። ባሏ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ ስለ ኦክቶፐሷ ዓይን ቀጠለ፤ ከዚያ ስለ ዓሣው፣ ከዚያ እንደገና ስለ ጠጠሮቹ። ጸጉር አስተካካዩ እስኪደርሱ ድረስ ሦስት ጊዜ አፉን ከፈተ፤ ሦስቱንም ጊዜ ቦታ አላገኘም።